ከሳውዲ ዓረቢያ ከእናቱ ጋር የተመለሰ፣ የልደት ማስረጃ የሌለው ሕፃን ዜግነት አልባ ይባላልን?

ጥያቄ — መምህር፣ ሸዋሮቢት

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ በሸዋሮቢት አካባቢ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ ከቀረቡልን ሕፃናት መካከል አንዱ፣ እናቱ በሳውዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኛነት ላይ እያለች የወለደችውና ከማቆያ ተለቅቃ ከሌሎች ተመላሾች ጋር ወደ አገሯ ስትገባ አብሯት የመጣ ልጅ ነው። እናቱ አሁን አዲስ አበባ ለሥራ ስለሄደች የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። አባቱ የሌላ አገር ሰው እንደሆነ እናቱ ትናገራለች፤ ሆኖም ጋብቻ አልነበረም፤ የአባቱን ማንነት የሚያረጋግጥ አንድም ወረቀት የለም።

አያትየው በላስቲክ ጠቅልለው ያመጡልኝን ሰነዶች አይቻቸዋለሁ። አንደኛው የእናቱ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ከሥሩም የልጁ ስም በእጅ ጽሑፍ የሰፈረበት ባለ አንድ ገጽ ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ፓስፖርት ለሌለው ተጓዥ የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ነው። ሁለተኛው በዓረብኛ የተጻፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ የክትባት ካርድ ነው። ከእነዚህ ሌላ ምንም የላቸውም። ወደ ቀበሌ ሄደው ልደቱ እንዲመዘገብላቸው ሲጠይቁ «ልጁ እዚህ አልተወለደም፤ ከተወለደበት አገር ማስረጃ ይምጣ» ተብለው ተመልሰዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያለ ልደት የምስክር ወረቀት ልጁን በመዝገብ ለማስፈር እየተቸገረ ነው። በሰፈሩ ልጁን «አገር የሌለው» የሚሉት ሰዎች እንዳሉ አያትየው እንባ እየተናነቃቸው ነግረውኛል።

ለመሆኑ ይህ ልጅ በዓለም አቀፍ ሕግ ዓይን ዜግነት አልባ ነውን? የአገራችን ሕግስ ምን ይላል? ቤተሰቡ ከየት መጀመር እንዳለበት የምታውቁ ብታስረዱን ለእኚህ አያት ትልቅ እገዛ ነው።

መልስ — ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን

ውድ መምህር፣ ጉዳዩን በዝርዝር ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። ልጁ ዜግነት አልባ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ነው፤ ኢትዮጵያዊ የሆነውም በተወለደባት ቅጽበት እንጂ ቀበሌ ሲመዘግበው አይደለም።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆኑ ማንኛውም ሰው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ደንግጓል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3ም ይህንኑ ያጸናል። ሁለቱም ድንጋጌዎች ልጁ የት እንደተወለደ አይጠይቁም፤ አባቱ ማን እንደሆነም አይጠይቁም። የእናቱ ኢትዮጵያዊነት ብቻውን በቂ ነው። ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ አሳብ አይደለም፤ በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግም ቢሆን በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደን ልጅ ኢትዮጵያዊ ይለው ነበር። በዛሬዋ ዓለም 24 ገደማ የሚሆኑ አገሮች እናት እንደ አባት እኩል ዜግነቷን ለልጇ እንዳታወርስ አሁንም የሚከለክሉ መሆናቸውን ስናስብ፣ ይህ ድንጋጌ ምን ያህል ልጆችን ከጉድ እንዳወጣ መገመት አያዳግትም። ከእነዚያ አገሮች የአንዲቱ ተወላጅ የሆነች ሴት በዚህች እናት ቦታ ብትሆን ኖሮ፣ ልጇ በእውነት ያለ አገር ሊቀር ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስለ ዜግነት አልባ ሰዎች ሁኔታ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 1 ላይ፣ ዜግነት አልባ የሚባለው ማንኛውም አገር በሕጉ አሠራር መሠረት እንደ ዜጋው የማይቆጥረው ሰው እንደሆነ ይገልጻል። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሰውና ዜግነት የሌለው ሰው አንድ አይደሉም። ነገር ግን መምህር፣ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ግልጽ የሆነውን ያህል በኑሮ ውስጥ ግልጽ ሆኖ አይቆይም፤ ልጁ ሳይመዘገብ ካደገ፣ እናቱን የሚያውቁ ምስክሮች ከሞቱ ወይም ከተበተኑ፣ ያቺ የሊሴ ፓሴ ወረቀትም ከጠፋች፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ ኢትዮጵያዊነቱን የሚያስረዳበት መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ልጆችን ዜግነት አልባ የመሆን ስጋት ያለባቸው የሚላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እናቲቱ በሳውዲ ለምን የልደት ማስረጃ እንዳላወጣችለት መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። በዚያ አገር ያለ ጋብቻ መውለድ በወንጀል የሚያስጠይቅ በመሆኑ፣ በርካታ የቤት ሠራተኞች ሐኪም ቤት ሄዶ መውለድን ራሱን ይፈሩታል። ቀበሌው «ከዚያ ይምጣ» ያለው ማስረጃ መቼም ሊገኝ የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ሊገኝ የማይችልን ነገር ለመብት ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ደግሞ መብቱን ከመከልከል አይለይም።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ አንድ የታወቀ ፍርድ ላንሳ። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዜጋ ከሆኑ እናቶችና ከሄይቲያውያን አባቶች የተወለዱ ሁለት ልጃገረዶች የልደት ምዝገባ ተከልክለው፣ ከሁለቱ አንደኛዋ የልደት ማስረጃ ባለማቅረቧ ከቀን ትምህርት ታግዳ በማታ ከአዋቂዎች ጋር እንድትማር ተገድዳ ነበር። በየንና ቦሲኮ ስም የሚታወቀውን ይህን ጉዳይ የተመለከተው የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 አገሪቱን ጥፋተኛ ብሏል። የእናንተ ልጅ እናቱም አያቱም ኢትዮጵያውያን ሆነው ሳለ በክፍል ደጃፍ ላይ መቆሙ ከዚያ ጉዳይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። አንቀጽ 7 ልጅ እንደተወለደ እንዲመዘገብ፣ ስምና ዜግነት እንዲኖረው ያዛል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ የሚሰጥ እንጂ ለተመዘገበ ልጅ ብቻ የሚሰጥ አያደርገውም። ልጁ በእርግጥም ዜግነት አልባ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ የ1954ቱ ስምምነት አንቀጽ 22 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከዜጎች እኩል እንዲስተናገድ ይጠይቃል። ስለዚህ እባክዎ ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ ልጁ ክፍል ገብቶ እንዲማር ርዕሰ መምህሩን ያሳምኑልን።

መልስ — ከአጣዬ የተፈናቀልሁ

የጠበቃውን ማብራሪያ አንብቤ የእኛንም ሁኔታ መጨመር ፈለግሁ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል የልጆቼ የልደት ካርድ፣ የእኔና የባለቤቴ የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያችንም ሳይቀር ከቤቱ ጋር ወድሟል። ደብረ ብርሃን ተጠልለን ሳለ ምትክ ለማግኘት በጠየቅሁበት አንድ መሥሪያ ቤት «ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጡ» ተባልሁ። ወደ ተቃጠለ ቤትና ሰላም ወዳልነበረበት መንገድ ተመለስ ማለት ነበር። ከወለጋ ተፈናቅለው አብረውን ለተጠለሉት ወገኖች ደግሞ ይህ መሸኛ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያዊነታችንን የሚጠራጠር ሰው አልገጠመንም። ያም ሆኖ ማስረጃ የሌለው ሰው ባንክ ደብተር ማውጣት፣ ልጁን ማስመዝገብ፣ በኬላ ማለፍ እንዴት እንደሚከብደው ስላየሁ፣ የዚያን ሕፃን አያት ጭንቀት በሚገባ እረዳለሁ። እኛን የሚመለከት ሕግ ይኖር ይሆን?

መልስ — ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ አለ። በአፍሪካ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ለመጠበቅና ለመርዳት የወጣውን የካምፓላ ኮንቬንሽን ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃዋለች። አንቀጽ 13 መንግሥት በመፈናቀል ምክንያት የጠፉ ሰነዶችን እንዲተካ፣ ለዚህም ተፈናቃዩ ወደ ቀድሞ መኖሪያው እንዲመለስ እንደ መጠየቅ ያለ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጥ በግልጽ ይናገራል። ሴቶችም ወንዶችም ሰነዱን በየራሳቸው ስም የማግኘት እኩል መብት አላቸው። ማመልከቻ ሲጽፉ ይህን አንቀጽ ይጥቀሱ።

መልስ — የሕግ መምህር

ውይይቱ በአንድ ልጅ ጉዳይ ስለ ተነሳ መልካም ነው፤ ሆኖም በአገራችን ሕግ ውስጥ ገና ያልተደፈነ ክፍተት መኖሩ ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። መምህሩ የጠየቁለት ሕፃን በእናቱ ምክንያት ድኗል። እናቱም አባቱም ዜግነት የሌላቸው ሆነው በኢትዮጵያ ምድር የተወለደ ልጅ ግን ምን ይሆናል?

የዜግነት አዋጃችን ለተጣለ ሕፃን አስቦለታል፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የሌላ አገር ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደ ተወለደ ተቆጥሮ ኢትዮጵያዊ ይሆናል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዜግነት አልባነትን ለመቀነስ የተደረገው ስምምነት በአንቀጽ 2 ከሚለው ጋር የሚስማማ ነው። ዜግነቱን መተው የሚፈልግ ሰውም ሌላ ዜግነት ማግኘቱ ወይም እንደሚያገኝ መረጋገጡ አስቀድሞ እንዲታይ አዋጁ ያስገድዳል፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ እንኳ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ማለት ነው። የ1961ዱ ስምምነት ዋና ምሰሶ የሆነው አንቀጽ 1 ግን፣ በአንድ አገር የተወለደና ካልሆነ ዜግነት አልባ የሚሆን ልጅ የተወለደበትን አገር ዜግነት እንዲያገኝ የሚለው፣ በአዋጃችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። እንዲህ ያለው ልጅ ያለው መንገድ ለአካለ መጠን ከደረሰና ቢያንስ 4 ዓመት መደበኛ ነዋሪ መሆኑን፣ ገቢውንና ጠባዩን ካስረዳ በኋላ በሕግ ዜግነት እንዲሰጠው ማመልከት ነው። አዋጁ አመልካቹ የቀድሞ ዜግነቱን ስለ መልቀቁ ማስረጃ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ «ወይም ዜግነት አልባ መሆኑን» ብሎ መጨመሩ አንድ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕፃንነቱን ሙሉ ያለ ዜግነት ላሳለፈ ሰው እጅግ የዘገየ መፍትሔ ነው።

የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 6(4) ላይ ይህንኑ ክፍተት ይደፍናል። በተወለደበት ጊዜ በሕጉ መሠረት ሌላ አገር ዜግነት ያልሰጠው ልጅ የተወለደበትን አገር ዜግነት እንዲያገኝ የአባል አገሮች ሕግ ማረጋገጥ አለበት ይላል። ኢትዮጵያ ቻርተሩን እ.ኤ.አ. በ2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) ደግሞ ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ዳኛ ፊት እንዲህ ያለ ልጅ ቢቀርብ፣ አዋጁ ዝም ያለውን ቻርተሩ ይናገርለታል ብዬ እከራከራለሁ። ይሁን እንጂ የልጅ ዕጣ በአንድ ዳኛ የሕግ አተረጓጎም ላይ እንዲንጠለጠል መተው አይገባም፤ አዋጁ ራሱ መሻሻል አለበት።

ስለዚሁ አንቀጽ የተሰጠ ትልቅ ውሳኔ አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዞች ከሱዳን በወታደርነት ወደ ኬንያ ያመጧቸው የኑብያውያን ተወላጆች፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ኬንያ ኖረውም ልጆቻቸው ዜግነታቸው የሚታወቀው 18 ዓመት ሞልቷቸው የማጣራት ሂደት ካለፉ በኋላ ብቻ ነበር። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰጠው ውሳኔ ኬንያ ቻርተሩን ጥሳለች ብሏል። ልጅ ዜግነቱን ለማወቅ አዋቂ እስኪሆን እንዲጠብቅ ማድረግ ልጅነቱን መንጠቅ መሆኑን ኮሚቴው ተረድቶታል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አላውቅም።

የማስረዳት ሸክምን በሚመለከት ደግሞ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በአኑዶ ኦቺዬንግ አኑዶ እና በታንዛኒያ መካከል የሰጠው ፍርድ ይጠቀሳል። ሰውየው የጋብቻውን ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ፖሊስ በሄደበት ፓስፖርቱን ተነጥቆ ወደ ኬንያ ተባረረ፤ ኬንያም አልቀበልም ብላ መለሰችው፤ በሁለቱ ድንበር መካከል ባለው የማንም ባልሆነ መሬት ላይ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ዜግነቱን የካደው መንግሥት ክህደቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት አለ። አያትየውን «አንቺ አስረጂ» እያሉ ለሚመልሱ ሁሉ ይህን ፍርድ ማስታወስ ይጠቅማል።

ስለ እኛው አገር ታሪክም ዝም ማለት አይገባም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ብዙዎቹም ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የማያውቁ ሰዎች ተባርረዋል፤ ዜግነታቸውንም ተነጥቀዋል። የሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ፣ በደኅንነት ማጣሪያ ሂደት አልፈው ከተባረሩት በቀር፣ አገር ውስጥ የቀሩትንና በሦስተኛ አገር የነበሩትን ሰዎች ዜግነት መንጠቅ የዘፈቀደና ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር የሚጋጭ እንደነበር ወስኗል። የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 15 ማንም ዜግነቱን በዘፈቀደ አይነጠቅም ሲል የሚናገረው ስለ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ወንድም ኢትዮጵያዊ፣ እኅት ባዕድ የሆነችበት ዘመን በእኛው ዕድሜ ያለፈ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በዜግነት መብትና በአፍሪካ ዜግነት አልባነትን በማስወገድ ላይ የሚያተኩር ፕሮቶኮል አጽድቋል። ጉባኤው የተቀመጠው አዲስ አበባ ነው፤ ፕሮቶኮሉን ከሚያጸድቁት አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ማየት እመኛለሁ፤ ይህን ስልም ለወጉ ያህል ተናግሬ ለማለፍ አይደለም።

መልስ — የቀድሞ የክብር መዝገብ ሹም፣ መሐል ሜዳ

በመንዝ በአንድ ቀበሌ ለዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ስለነበርሁ የማውቀውን ላካፍል። ቀበሌው «እዚህ አልተወለደም» ማለቱ ከአዋጁ ጋር አይሄድም። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በወላጆች መደበኛ የመኖሪያ ቦታ ነው እንጂ ልጁ በተወለደበት መሬት ብቻ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኤምባሲ ማስመዝገብ ይችሉ ነበር፤ ያ ባለመሆኑ ግን የልጁ መብት አልሞተም። የ90 ቀኑ ገደብ ማለፉም በር የሚዘጋ አይደለም፤ ዘግይቶ የቀረበ ልደት በማስረጃ ተደግፎ ይመዘገባል። አስመዝጋቢዋም የግድ እናቲቱ መሆን የለባትም፤ ወላጅ በሌለበት ልጁን የሚያሳድገው ሰው ማስመዝገብ ስለሚችል አያትየው ይበቃሉ። እናቲቱ በአካል መጥታ ብትፈርም ግን ሥራው እጅግ ይቀልላል።

በእኔ ልምድ መዝጋቢውን የሚያስፈራው ነገር ሕጉ ሳይሆን ነገ ተጠያቂ እሆናለሁ የሚል ሥጋት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ሲቀርብለት ሙሉ ሆኖ እንዲታይ አድርጉት። የእናቲቱ መታወቂያ፣ ሊሴ ፓሴው ኮፒና ዋናው፣ የክትባት ካርዱ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ፣ እናቲቱን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቁና ልጁን ይዛ ስትመለስ ያዩ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምስክርነት አብረው ይግቡ። ሊሴ ፓሴው ላይ የልጁ ስም ከእናቲቱ ሥር መስፈሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ቆንስላ የእርሷ ልጅ ብሎ ጽፎ አሳፍሮታል ማለት ነው። ዋናውን ለማንም አሳልፈው እንዳይሰጡ፣ ኮፒ ብቻ እንዲያስቀሩ አያትየውን አደራ በሏቸው። ያም ሆኖ አልመዘግብም ካለ፣ እምቢታውን በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁና ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ፋይዳ መታወቂያ ካወጣ ዜግነቱ የተረጋገጠ ይመስለዋል። ፋይዳ የነዋሪነትና የማንነት መለያ ነው፤ የውጭ ዜጋም ነዋሪ ከሆነ ያወጣዋል። ለልጁ ጠቃሚ ቢሆንም የልደት ምዝገባን አይተካለትም።

ጥያቄ — መምህር፣ ሸዋሮቢት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን ልጁ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል እንዲገባ፣ ማስረጃው ሲሟላ መዝገቡ እንዲስተካከል ተስማምተናል። አያትየው ግን አንድ ያስጨነቃቸው ነገር ቀርቷል። በቅጹ ላይ የአባት ስም የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ባዶ ከተተወ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ያፍርበታል፤ የማያውቁትን ሰው ስም መጻፍ ደግሞ ሐሰት ይሆንብናል ይላሉ። ምን ይደረግ?

መልስ — ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ልጁ ክፍል መግባቱን ስሰማ በእውነት ደስ ብሎኛል። አያትየው ሐሰት አይጻፍም ማለታቸው ትክክል ነው፤ በክብር መዝገብ ላይ የተጻፈ የሐሰት አባት በውርስም በዜግነትም ጉዳይ ወደፊት ልጁን ሊጎዳው ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አባቱ ያልታወቀ ልጅ የእናቱን የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ይፈቅዳል። በተግባርም ልጁ በእናቱ አባት፣ ማለትም በወንድ አያቱ ስም ይጠራል። አባትነትን የሚመለከተው ክፍል ግን አባቱ በሕግ ስላልታወቀ ሳይሞላ ይቀራል፤ ይህ ዜግነቱን በምንም አይነካበትም። እናትነትን ለማቋቋም ልጁን መውለዷ ብቻ በቂ ነው።

እናቲቱ አዲስ አበባ ከሆነች ለአያትየው በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ትላክላቸው፤ በውክልናው ውስጥ ልደት ማስመዝገብ፣ የልደት ማስረጃ መቀበልና አስፈላጊ ከሆነ በወረዳ ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር የሚሉት ቃላት በግልጽ ይካተቱ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ይምጡ፤ ማመልከቻውን ያለ ክፍያ እጽፍላቸዋለሁ።